እቅፍ አበባና የሙሽሪት ሁለት እጆች፦ መጠነኛ ጥናት

በሙሽራ አበባ ላይ እስካሁን ያሉት ሥራዎች (በአብዛኛው አበባ ቤት ባንኮኒ ላይ የሚገለበጡ አልበሞች ናቸው) አበባውን በቅርጹ ይከፍሉታል፤ ክቡ፣ ወደ ታች የሚወርደው፣ ክንድ ላይ የሚተኛው፣ ግንዱ በሪባን ብቻ የሚታሰረው። ይህ ጥናት አከፋፈሉን አይቃወምም። አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ግን ተዘሏል ይላል፤ አበባውን የሚይዘው ማነው? ለስንት ሰዓትስ? የጥናቱ ወሰን የአዲስ አበባ ሰርግ ነው።

አበባው ከሙሽራው ጋር ይመጣል። የሙሽሪት እህቶችና የሰፈር ልጆች በሩን ዘግተው ሲዘፍኑ ሙሽራው እቅፉን ከግፊያው ለማትረፍ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይቆማል። ቅርጽ የሚባለው ነገር የመጀመሪያ ፈተናውን የሚወስደው እዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ይወድቃል።

ሙሽሪት አበባውን እንደተቀበለች ጉልበት መሳም ይጀመራል። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ከዚያም ከክፍለ ሀገር የመጡና በየትኛው ወገን እንደሚዛመዱ ገና በመጣራት ላይ ያለ አንድ አዛውንት። ሙሽሪት በአንድ እጇ ቬሎዋን ሰብስባ፣ በሌላው አበባዋን ይዛ፣ በሦስተኛው ጉልበት መያዝ አለባት። ክብ አበባ የመረጠች ደረቷ ላይ ለጥፋው ታልፋለች። ወደ ታች የሚወርደውን የመረጠች ግን ባጎነበሰች ቁጥር አበባዋ ወለሉን ይጠርጋል፤ የተጎዘጎዘውንም ቄጠማ ይዞ ይነሳል። በሰርግ ፎቶዎች ላይ በአበባ ቤቱ ደረሰኝ ያልተመዘገበ ቅጠል የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የወራጁ ዝርያ ዝነኛ ምሳሌ በ1981 እ.ኤ.አ. ልዕልት ዳያና የያዘችው ነው። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ይበልጥ ነበር። ልዕልቲቱ ጉልበታቸውን አመቻችተው ተራ የሚጠብቁ አጎቶች ስላልነበሩባት ምሳሌው ለእኛ ሁኔታ አይሠራም። የሚሠራው የ1923 እ.ኤ.አ. ነው። ኋላ ንግሥት የሆነችው ኤልሳቤጥ ቦውዝ ላየን ልትሞሸር ወደ ዌስትሚኒስተር አቢ ስትገባ እቅፏን በማይታወቀው ወታደር መቃብር ላይ አኖረች። ዛሬም የንጉሣውያኑ ሙሽሮች አበባ ወደዚያው መቃብር ይሄዳል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጦ ከሰርጉ በኋላ ሆኗል። ለጥናታችን የሚጠቅመው የመጀመሪያዋ ሁለት ነጻ እጅ ይዛ መግባቷ ነው።

ቀጥሎ ፎቶ አለ። ሙሽሮች አበባቸውን ይዘው ብሔረ ጽጌን ወደመሰለ መናፈሻ ይሄዳሉ፤ አበባ ወደ አበባ ይወሰዳል ማለት ነው። እዚያም ፎቶ አንሺው ሙሽሪትን “አሽትቺው” ይላታል። ለውጭ ገበያ የሚለማ ጽጌረዳ በአመዛኙ የሚመረጠው ሳይጠወልግ ብዙ ቀን እንዲቆይ እንጂ እንዲሸት ስላልሆነ፣ በየአልበሙ ዓይናቸውን ጨፍነው የምናያቸው ሙሽሮች የሚያሸቱት ነገር ምን እንደሆነ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።

ስለ ወቅቱም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ሀገሩ በአበባ የሚሸፈነው በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሳምንታት ነው። ሰርገኛው ግን አደይ ደርቆ ጥር እስኪገባ ይጠብቃል። ጥር ሲገባ ደግሞ የዝዋይና የሆለታ እርሻዎች በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት ለሚውለው የፍቅረኞች ቀን ጽጌረዳ ወደ አውሮፓ ለመላክ ይሯሯጣሉ። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት። የጥር ሙሽራ እንግዲህ በአንድ አበባ የምትሻማው ከጎረቤቷ ሙሽራ ጋር ብቻ ሳይሆን አምስተርዳም ከተቀመጠች፣ ገና ሽማግሌ ካልተላከላት ልጅ ጋርም ነው። ተስፋ የቆረጡ ወገኖች ወደ አርቴፊሻሉ ይዞራሉ። እሱ አይጠወልግም፤ ከነላስቲኩ ቡፌ ላይ ተቀምጦ የልጆችን ልደት በተከታታይ ይታደማል።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። አበባውን በትኩረት ለተከታተለ ሰው፣ ሙሽሪት እጅ ላይ የሚቆየው ካሜራ ሲዞርበት ብቻ ነው። ተክሊል ላይ ካባና አክሊል እንጂ የእቅፍ አበባ ቦታ የለም። ኬክ ሲቆረስ ቢላዋ፣ ምግብ ሲነሳ ሳህን፣ እስክስታ ሲመታ ወገብ ይያዛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አበባው ያለው አንደኛ ሚዜዋ ዘንድ ነው፤ ከሙሽሪት ስልክ፣ ከሊፕስቲኩ፣ ከሶፍቱና ከገዛ ቦርሳዋ ጋር። ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ላይ የተሰካ አበባ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን ጨምሮ ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠባል።

ከአንደኛ ሚዜ እጅ የሚወጣው ለውርወራ ነው፤ አንዳንድ አበባ ቤት ለዚህ ብቻ ትንሽ እቅፍ ጨምሮ ይሠራል። ያላገቡ ሴቶች እንዲሰለፉ በማይክ ይጠራሉ፤ በፈቃዳቸው የሚወጡት ጥቂት፣ በአክስቶቻቸው የሚገፉት ብዙ ናቸው። የያዘችው ቀጥላ ታገባለች ይባላል። ይህ ጥናት ጉዳዩን ለአክስቶች ይተወዋል።

ስለዚህ አበባው ክብ፣ ቀላል፣ ከቄጠማው ከፍ ብሎ የሚቀርና በአንድ እጅ የሚያዝ ይሁን። ሙሽሪት ሆይ፣ አበባ ቤት ስትሄጂ አልበሙን ተዪውና አንደኛ ሚዜሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ክብደቱን እሷ ትመዝነው።