የኋላው ሰፈር ጥም

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

ራስ የሚባል አገር ነበረ። ከመላው ግዛት ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ለግዛቱ ከሚታደለው ኦክስጅን ግን 20 በመቶውን ብቻውን ይበላል። በፊት ለፊት በሩ ሁለት ዘበኞች ቆመዋል፤ ቀኝ ዓይንና ግራ ዓይን። ኩል የሚኳሉት፣ በዘፈን የሚወደሱት እነሱ ናቸው። ዳሩ ግን ዘበኞቹ ያዩትን አያውቁትም፤ መልእክቱን ልከው ዝም ነው። አንብበው “ይህ ወንዝ ነው፣ ያ ጠላት ነው” የሚሉት ከማጅራት በላይ፣ በአገሩ ጓሮ የሚኖሩ አንባቢዎች ናቸው። የቀኙ ሰፈር አንባቢዎች ሁለቱም ዘበኞች በግራ በኩል ያዩትን ያነባሉ፤ የግራው ሰፈር ደግሞ የቀኙን።

ውሃውም እንደ ማዕረግ ይታደላል። ዘበኞቹ ከሹማምንቱ ጋር የሚጠጡት በአንገት ፊት ከሚወጡት ሰፋፊ ቦዮች ነው። ለአንባቢዎቹ የሚደርሰው ግን በአንገት አጥንት ቀዳዳ እየተሹለከለኩ ከሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ነው፤ እነሱም ራስ ቅል ሲገቡ ይገጥሙና እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ። ይህን መስመር የጎበኘ ሹም የለም። የውሃው ግፊት ግድግዳውን ለዓመታት ሲፍቀው “ምንም አይሰማንም” ተብሎ ታለፈ።

አንድ ማለዳ፣ ምቱ ተዛብቶ ከቆየው፣ ልብ ከተባለው ምንጭ የረጋ ጓል ተቆርሶ መጣና የቀኙን ሰፈር ቦይ ወተፈው። ጩኸት አልተሰማም፤ የጓሮ ሰው ሲጠማ ድምፁ አደባባይ አይደርስም። ጨለማም አልመጣም። በግራ ያለው ገበያ፣ በግራ ያለው መንደር፣ በግራ የቆመው ባለ አቤቱታ እንዲሁ ከአገሩ ጉዳይ ወጡ። ንጉሡ በግራ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ሲላተም ሹማምንቱ ተሰበሰቡ።

“ጃንሆይ፣ የታወረው ግራው ዘበኛ ነው” አሉ። ደመወዙ ተቆረጠ፣ መነጽር ታዘዘለት፤ በምትኩ ማን ይሾም የሚለው ክርክር እስከ ቀትር ቆየ። (ሹመት ያለበት ክርክር መቼም አያልቅም።)

በመጨረሻ ከበር ቆመው የዋሉት ሽማግሌ፣ የውሃ አባት፣ ተጠሩ።

“ጃንሆይ፣ ግራውን ዘበኛ ሸፍነው በቀኙ ብቻ ይዩ።”

ሸፈኑት። ግራው አሁንም የለም። ቀኙን ሸፈኑ፤ ያው ነው።

“እንግዲህ ጥፋቱ የዘበኛ አይደለም። የአንዱ ቢሆን ሌላው በሞላለት ነበር። ሁለቱም አንድ ጎን ካጡ የተጠማው የኋላው ሰፈር ነው። መሀል ያሉት በደቂቃዎች ሞተዋል፤ ዳር ዳሩን ያሉት ግን ከጎረቤት ቦይ በሚንጠባጠበው ለጥቂት ሰዓት ይቆያሉ። ቦዩ አሁኑኑ ይከፈት።”

“በቃለ ጉባኤ ይያዝ” አሉ ሹማምንቱ። ቦዩ ሲከፈት መሽቶ ነበር።

ንጉሡ ከግራው ጥቂቱን ብቻ መልሶ አገኘ። ለቀረው የውሃ አባት አንድ መላ ሰጡት፤ ወደማያየው ጎን አንገቱን ራሱ እያዞረ እንዲመለከት። እያማረረም ቢሆን ለመደው።

በጎረቤት አገር የደረሰው ይብሳል። እዚያ ሁለቱም የኋላ ሰፈሮች ተጠሙና አገሩ ፈጽሞ ታወረ። ቤተ መንግሥቱ ግን “ሁሉን እናያለን” ብሎ አዋጅ አስነገረ፤ ግድግዳ እየገጨ የማያየውን ገበያ ቀለሙን ሳይቀር ተረከ። ተረተኛ ያጋነነው እንዳይመስላችሁ፤ ኦስትሪያዊው ሐኪም ጋብርኤል አንቶን እንዲህ ስላሉ ሕሙማን በ1899 እ.ኤ.አ. ጽፏል፤ ሕመሙም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

የእናንተ ራስ ግን ቃለ ጉባኤ አይጠብቅ። ከሁለቱም ዓይኖቻችሁ አንድ ጎን ድንገት ቢጠፋባችሁ፣ ባያማችሁም እንኳ፣ ነገን አትጠብቁ፤ መነጽር ቤትም አትሂዱ። የስትሮክ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል በዚያው ቅጽበት ሂዱ፤ ጓሉን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።