የመጨረሻው መስመር ሊቃውንት

ስርዓተ ክወናው በታደሰ ማግስት ፕሮግራሙ አልገነባ ያለው ባለሙያ ሊከተለው የሚገባው ሥርዓት ከተደላደለ ቆይቷል። ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን መመሪያ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ሥራውን አቋርጦ መልእክቱን ሲዘረግፍ ሊቁ የሚያነበው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው፤ እሱም የግንባታውን ቅደም ተከተል የሚመራው ሜክ ትቶት የሚሄደው «ኤረር 2» ሲሆን፣ አንድ ነገር አለመሳካቱን ከመናገር በቀር ምንም ስለማይገልጽ ለጥልቅ ምርምር እጅግ የተመቸ ነው። የውድቀቱ ምክንያት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው የስሕተት መስመር ላይ ከፋይሉ ስምና ከመስመሩ ቁጥር ጋር መጻፉ እውነት ነው፤ ሆኖም ወደ ላይ ተመልሶ ማንበብ ለጀማሪዎች የተተወ ድካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 አፕል ማክኦኤስ ሞሃቪ የተባለውን ስርዓተ ክወና ሲያወጣ ሄደር ፋይሎችን፣ ማለትም የፈንክሽኖችን (በስማቸው የሚጠሩ የኮድ ክፍሎችን) ስምና ቅርጽ ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቁትን ጽሑፎች፣ ከነባሩ «/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» አንሥቶ በገንቢዎች መሣሪያ ጥቅል ውስጥ ብቻ አስቀመጣቸው። ለኮምፓይለሩ አዲሱን አድራሻ ማመልከት በቂ ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን አፕል ለመሸጋገሪያ ያቀረበውን ማስተካከያ ጭነው ፋይሎቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መለሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ተከታዩ እትም ካታሊና የስርዓቱን ዲስክ ለንባብ ብቻ ሲያደርገውም እጅግ ተገረሙ።

የጥበቡ ጫፍ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የሲ ቋንቋ መስፈርት ያልታወጀ ፈንክሽን፣ ማለትም ቅርጹ አስቀድሞ ለኮምፓይለሩ ያልተነገረ፣ መጥራትን በ1999 ከከለከለ በኋላ፣ ጂሲሲ የተባለው ነፃ ኮምፓይለር አንዳንዴ በዝምታ፣ ሌላ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ሲያልፈው ኖሮ በ14ኛው እትሙ ስሕተት አደረገው፤ እትሙ ፌዶራ 40 ከተባለው ስርዓተ ክወና ጋር ሲመጣም ትናንት ይገነባ የነበረ ኮድ ቆመ። ሩብ ምዕተ ዓመት ጊዜ የተሰጠው ወገን «ድንገት ደረሰብን» ማለቱ ተገቢ ነው። መድኃኒቱም ወዲያው ተገኘ፤ «ፐርሚሲቭ» በተሰኘው ፍላግ፣ ማለትም ከትእዛዙ ጋር በሚጨመር መቀየሪያ፣ ስሕተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ መመለስ፣ ቀጥሎም ማስጠንቀቂያውን በሌላ ፍላግ ማፈን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ብሂል ኮምፒውተር ሳይፈጠር የተነገረ ስለሆነ እዚህ አይጸናም። ኮምፓይለሩ ያልታወጀው ፈንክሽን ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ስለሚገምት፣ ፈንክሽኑ በእርግጥ የሚመልሰው ባለ 64 ቢት የማስታወሻ አድራሻ ሲሆን ግማሹ ሊቆረጥ ይችላል፤ ፕሮግራሙም በሰላም ይገነባል፣ በሰላም ይጫናል፣ የሚወድቀውም ደንበኛው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ውድቀቱ ከገንቢው ጠረጴዛ ወደ ደንበኛው ጠረጴዛ ሲዛወር «ተስተካክሏል» ተብሎ ይመዘገባል፤ መዝገቡም አይዋሽም፣ የገንቢው ጠረጴዛ በእርግጥ ጸድቷልና።

ፈንክሽኑን የሚያስተዋውቀው፣ የጎደለው ሄደር ከመደበኛው ላይብረሪ፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር ከሚመጣው የፈንክሽኖች ስብስብ፣ ሲሆን ግን ጂሲሲ የትኛው እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ከስሕተቱ ሥር በስሙ ጠቅሶ ይጽፋል፤ እርማቱም አንድ መስመር ነው።