«ዲቮትድ»፦ ትርጉሙ፣ አመጣጡና አገባቡ

«ዲቮትድ» ራሱን ለአንድ ሰው፣ ሥራ ወይም እምነት ሙሉ በሙሉ የሰጠን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። አዘውትሮ የሚገኘው ባል፣ ሚስት፣ እናት፣ ደጋፊና ውሻ ከሚሉት ስሞች ፊት ነው። ከአምስቱ ቅጽሉን ያለ ክርክር የሚያገኘው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ሥሩ የላቲኑ «ዴቮዌሬ» ሲሆን በስእለት አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። ሮማውያን በዚህ ነገር አይቀልዱም ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ሊቪ እንደሚተርከው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ340 ከላቲኖች ጋር በቬሱቪየስ ተራራ አጠገብ ሲዋጉ ግራ ክንፋቸው ማፈግፈግ ጀመረ። ክንፉን የሚመራው ቆንስል ፑብሊየስ ዴሲየስ ሙስ ካህን አስጠርቶ ቶጋውን ተከናነበ፤ በአንድ እጁ አገጩን ይዞ፣ መሬት ላይ በተጋደመ ጦር ላይ ቆሞ፣ ካህኑ የሚያስብለውን እየተከተለ ራሱንና የጠላትን ሠራዊት ለሙታን አማልክትና ለምድር ተሳለ። ከዚያ በፈረስ ጠላት መካከል ገብቶ ሞተ፤ ሮምም አሸነፈች። ስመ ሞክሼ ልጁ በ295 ሴንቲኑም ላይ ይህንኑ ደገመ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ቢተላለፍም ልምድ ለማካበት አያመችም።

ሕጉ አማራጭም ነበረው፦ አዛዡ በራሱ ፈንታ አንድ ወታደር መሳል ይችላል። አንቀጹን ያረቀቀው ወታደር እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። የተሳለው ሰው ከሞተ ጉዳዩ ተዘጋ። ሳይሞት ከተመለሰ ግን ቁመቱ 7 ጫማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ምስል ተቀብሮለት መሥዋዕት ይቀርባል፤ በሕይወት መትረፍ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ነውና።

ከዚሁ ሥር ወደ እንግሊዝኛ ቀድሞ የገባው «ዲቫውት» ሲሆን በፈረንሳይኛ በኩል መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። «ዲቮትድ» የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በዘሌዋውያን 27 ለእግዚአብሔር ተለይቶ የማይሸጥና የማይዋጀውን ነገር በዚህ ቃል ይጠራል፤ የአማርኛው «እርም» ይለዋል። በዚያ ዘመን ቅጽሉ ለጥፋት የተፈረደበትንም ይገልጽ ነበር። አፍቃሪና ሟች በአንድ ቃል ሲጠሩ አንባቢ ከዐውዱ መለየት ነበረበት፤ ሁልጊዜ ግን የሚለይ አልነበረም።

ዛሬ ቃሉ ለዝቧል። ሆኖም የሞት ማስታወቂያንና የመቃብር ድንጋይን አልለቀቀም። ባል በሕይወት ሳለ ምስክሯ ሚስቱ ስለሆነች ቅጽሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከቀብሩ በኋላ ነው። በኤድንብራ ቦቢ የተባለ ውሻ ጌታው ከሞተበት ከ1858 እስከ ራሱ ሞት እስከ 1872 መቃብሩን ሲጠብቅ ኖረ ይባላል፤ በማግስቱ ዓመት ሐውልት ቆመለት። የሮማው ወታደር ምስል መሬት ውስጥ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ቅጽሉ ግዑዝ ነገርንም ይገልጻል። የቤተ መዘክር ክፍል ለአንድ ሠዓሊ፣ የጋዜጣ ገጽ ለስፖርት፣ የመደብር መደርደሪያ ለአይብ «ዲቮትድ» ይሆናሉ። በዚህ አገባብ ስእለትም ካህንም አያስፈልግም፤ አይቡ ሲያልቅ መደርደሪያው ለቅቤ ይሰጣል።