ጠባይ፦ «ኤ»

በየዳ ወረዳ የሚያድግ ልጅ ሁለት አራሚ አለው፦ ቀን መምህሩ፣ ማታ በጎቹ በረት ሲገቡ የሚቆጥረው አባቱ። የአባትየው እርማት ይከብዳል። ከ20 በግ 19ኙን ይዞ የገባ ልጅ በትምህርት ቤት ሒሳብ 95 ከመቶ አመጣ ይባል ነበር፤ እቤት ግን ወድቋል፤ አንዷን ፍለጋ በዚያ ውርጭ ተመልሶ ይወጣል።

አንድ ቀን መምህሬ «ወላጅ አምጣ» አሉኝ። አባቴ የገብስ አጨዳውን ትተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«አባባ፣ ልጅዎ ክፍል ውስጥ አይናገርም። ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል።»

የአባቴ ፊት በራ። «ተመስገን! እኔማ ሰው ፈንክቶ መስሎኝ!»

ምን ያድርጉ? እኛ ቤት ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሰበረ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ልጅ «የተቀጣ» ነው። ያው ልጅ ክፍል ሲገባ «ተሳተፍ! እጅህን አውጣ!» ይባላል። እጁን አውጥቶ «ለምን?» ያለ ለት ደግሞ መምህሩም «ምን ዓይነት ደፋር ነው!» ይላሉ። ሁለቱም የሚመኙት ልጅ እቤት ዲዳ፣ ክፍል ውስጥ ጠበቃ የሚሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ገና አልተወለደም።

ካርዴ ሲመጣ ሒሳብ 38፣ ጠባይ «ኤ» ይላል። («ኤ»ዋን ያገኘኋት የኋላ ወንበር ላይ ተኝቼ ነው።) ደረጃ፦ ከ60 ተማሪ 41ኛ።

«ከኋላህ ሰው አለ?» አሉ አባቴ።

«19 አለ።»

«ይኼን ሁሉ ሰው ጥለህ ነው ሰነፍ የሚሉህ?»

በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገሩ ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነው ሲባል፣ መምህሩ «ወላጅ አይከታተልም» አለ፤ ወላጁ «መምህር አያስተምርም» አለ። ልጁ መሬት መሬት ያያል።

ከሁሉም የሚገርመኝ የአባቴ አድልዎ ነው። ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር ነው ተብለን በቃላችን ይዘን ነበር፤ ያውም እዚያው ተራራ ላይ ተቀምጠን። ኋላ ግን እንደገና ሲለካ ወደ 4,550 ገደማ ወረደ። ይህንኑ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«70 ነጥብ? ማነው ያረመው?» አሉ ተቆጥተው። «ሂድ፣ እንደገና ይታይለት በል።»