ሲስተም የምትባለዋ ላም

ባንክ ሁለት ዓይነት ስህተት አለው፤ ለደንበኛው የሚያደላና በደንበኛው ላይ የሚጨክን። የመጀመሪያው ዜና ይሆናል። ሁለተኛው ማመልከቻ ይሆናል። እኔ የደጋዋ ቡሌ ሰው በመሆኔ የደረሰኝ ማመልከቻው ነው፤ ዜናው ዲላ ላይ ቀርቷል።

ዜናውን የማያስታውስ የለም። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙን እያደሰ ሳለ ለተወሰኑ ሰዓታት በደንበኛው ሂሳብ ውስጥ ያለውንና የሌለውን ገንዘብ መለየት አቃተው። ካርድ የከተተ የጠየቀውን ያህል አወጣ፤ ሞባይሉን የነካካ ለወዳጁም ለራሱም ላከ። ወሬው በየግቢው የደረሰው ከባንኩ ቀድሞ ነው። አንድ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለቢቢሲ እንደተናገረው ጓደኞቹ ገንዘቡን ያገኙት ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰዓት እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቤ ተኝቻለሁ። ዲላ ቆላ ቀመስ ናት፤ ሌሊት ስልክ ለመነካካት ጣት ማውጣት ይቻላል። እኛ ዘንድ፣ እንሰትና ገብስ እንጂ ቡና እሺ በማይልበት ደጋ፣ በዚያ ሰዓት ጣቱን ከብርድ ልብስ የሚያወጣ ሰው ቢኖር ምጥ የያዛት ሚስት ያለችው ብቻ ነው። እጄ ንጹሕ የሆነው በጨዋነቴ ይሁን በብርዱ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

ቀኑ ራሱ የተመረጠ ይመስላል። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2 ነው የገቡት። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾም ከያዘ ሳምንት ሳይሞላው ማሽን ብር ማዝነብ ጀመረ። ሰይጣን ቀን መቁጠሪያ ባያይ ኖሮ እንዲህ አይገጥምለትም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የራሴ ችግር ነው አለ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የራሳቸው ያልሆነውን እንዲመልሱ መግለጫ አወጡ። በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም ተባለ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ በኋላ እንዳስረዱት ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ ወር ሳይሞላ ከ600 ሚሊዮን በላይ ተመልሷል። እምቢ ያሉት 567 ሰዎች ቀሩ። የእነሱም ስማቸውና ፎቷቸው ወጥቶ በየቅርንጫፉ ተለጠፈ።

እስቲ ቆም ብላችሁ ይህን አድንቁልኝ። ከ38 ሚሊዮን በላይ ሂሳብ ውስጥ 567 ሰው ለቅሞ ማውጣት፣ ማን ስንት እንደወሰደ ማወቅ፣ ጉርድ ፎቶውን ከመዝገብ ፈልቅቆ ግድግዳ ላይ መለጠፍ! ባንክ ሲፈልግ እንዲህ ነው። እኔም ባንኮቻችን እንዲህ ያለ ዓይን አላቸው ብዬ ኮርቼ ነበር፤ የኔው ባንክ (ስሙ ይቆየን፣ ወረፋችን ብዙ ነው) 3,000 ብሬን እስኪውጥ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማዕድ ቤቴ ቆርቆሮ ልገዛ ዲላ ወረድኩ። ኤቲኤሙ ካርዴን ተቀበለ፣ ሚስጥር ቁጥሬን ጠየቀ፣ 3,000 ስለው እሺ አለ። ውስጡ ብር ሲቆጠር በጆሮዬ ሰማሁ፤ ትርርር ይላል። ዓይኔን ብሩ በሚወጣበት ስንጥቅ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ትርርሩ ቆመ። ካርዴን ተፋና «ስለተጠቀሙብን እናመሰግናለን» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጢን ሲል አወጣሁት፦ ከሂሳብዎ 3,000 ብር ተቀንሷል። መቼም ምስጋናውም ሆነ መልእክቱ አልዘገየም።

እዚያው ዲላ ገባሁ። «ሂሳቡን የከፈቱት የት ነው?»

«ቡሌ።»

«እንግዲያው ቡሌ ነው የሚስተካከለው።»

ሽቅብ ተመልሼ ቡሌ ገባሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ ታናሽ እህቷን አስተምሬያለሁ። «መምህር፣ ማሽኑ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ዲላ።»

«ታዲያ እዚያው ማመልከት ነበረብዎት እኮ።»

ግድ የለም አልኩና እዚሁ ማመልከቻ ልጻፍ አልኳት። በመልካም ፈቃድ ቅጽ አመጣችልኝ። ቅጹ ቀኑን ይጠይቃል፣ ሰዓቱን ይጠይቃል፣ የገንዘቡን ልክ በአሃዝና በፊደል ይጠይቃል። ከዚያ «የማሽኑ ቁጥር» ይላል።

«የማሽኑን ቁጥር ይዘዋል?»

«ማሽኑ የናንተ አይደለም እንዴ?»

«የኛ ነው።»

«ታዲያ ቁጥሩን እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ደረሰኙ ላይ አለ።»

«ብሩን ያልሰጠኝ ማሽን ደረሰኙን ይሰጠኛል?»

አዘነችልኝ። ከልቧ ነው ያዘነችልኝ፤ በኋላም ዲላ ደውላ ቁጥሩን ያገኘችልኝ እሷው ናት። ቅጹ ሞላ፣ ማኅተም ተመታበት። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል ተባልኩ። መቼ መልስ ይመጣል ስል «እንደውልልዎታለን» አለችኝ። ስልክ ቁጥሬን ደግሜ ልስጥሽ ብላት «መዝገብ ላይ አለ» አለች። ከዚያ በኋላ የሰነበትኩት ያንን ስልክ በመጠበቅ ነው፤ ሻወር እንኳ ስገባ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ አደርገው ነበር። ያልደወለልኝ የለም። ባንኩ ብቻ ቀረ።

በቅርንጫፉ ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን ሲስተም የለም። ሌላ ቀን ሲስተም አለ፣ ግን የሚያየው ልጅ የለም። የሚያየው ልጅ የመጣ ዕለት መብራት የለም። ያን ዕለት አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የገብስ ገንዘባቸውን ሊያስገቡ መጥተው ጠዋት የያዙት ወረፋ እኩለ ቀን ላይ ያደረሳቸው። የኔን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ጠይቀው ሰሙኝ።

«ቆይ መምህር» አሉ። «ያኔ ዲላ ልጆቹ የበሉት ባንኩ ተሳስቶ የሰጣቸውን ነው አይደል?»

«አዎ አባባ።»

«ሌባ የተባሉት ልጆቹ ናቸው።»

«አዎ።»

«አሁን ደግሞ ተሳስቶ ካንተ ወሰደ። ሌባው ማን ነው?»

«ሲስተሙ ነው አሉኝ።»

ሽማግሌው ዘንጋቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው አሰቡ። «የኔ ላም የጎረቤት እንሰት ብትበላ ሶንጎ ላይ ሽማግሌ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ላሟ ናት ብል ማን ይሰማኛል? እንግዲህ ስሟን ሲስተም ልበላት።»

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ ማተሚያው አዞረች።

ሕግ አላነበቡም እንጂ ሽማግሌው ከሕጉ የራቁ አይደሉም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አላግባብ ስለመበልጸግ የሚል ክፍል አለው፤ ያልተገባውን ክፍያ የተቀበለ መመለስ አለበት ይላል። ተቀባዩ ተማሪ ከሆነ ነው፣ ባንክ ከሆነ ግን ይታገሡት የሚል ንዑስ ቁጥር እኔ አላየሁበትም። ባንኬ በኔ 3,000 ብር በልጽጓል ማለት ቢከብድም በሕግ ቋንቋ እንዲያ ነው የሚባለው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን እንደ ሰዉ ቁመት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አሜሪካ ውስጥ ሲቲ ባንክ ለሬቭሎን አበዳሪዎች 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ልከፍል ብሎ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር ላከ። ከአበዳሪዎቹ ከፊሎቹ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብለው 500 ሚሊዮን የሚሆነውን አንመልስም አሉ። በየካቲት 2021 አንድ ዳኛም ያዙት ብሎ ፈረደላቸው፤ ፍርዱ በይግባኝ ተገልብጦ ባንኩ የረታው በመስከረም 2022 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የማንም ጉርድ ፎቶ የትኛውም ቅርንጫፍ በር ላይ አልተለጠፈም። ባለ 500 ሚሊዮኑ ጠበቃ አቆመ፤ የኛው ልጅ በጥቂት ሺህ ብር ግድግዳ ላይ ወጣ።

ያን ማታ ለብስጭቴ መላ ላበጅለት ብዬ ወረቀት አወጣሁ። የባንክን አጻጻፍ እችልበታለሁ፣ ለዓመታት ደርሶኛል። እንዲህ ጻፍኩ፦

«ማስታወቂያ። ከላይ ፎቶው የሚታየው ኤቲኤም ከመምህሩ ሂሳብ ላይ የራሱ ያልሆነ 3,000 ብር የወሰደ መሆኑ ተረጋግጧል። ማሽኑም ሆነ ባለቤቱ ገንዘቡን በፈቃዳቸው ከመለሱ በሕግ የማይጠየቁ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ስማቸውና ምስላቸው በቡሌ ገበያ፣ በዕድር ስብሰባና በሠርግ ድንኳን ላይ የሚለጠፍ መሆኑን በጥብቅ አሳስባለሁ።»

ባለቤቴ አነበበችና «ማኅተም የለውም» አለች። እውነቷን ነው። ቀረ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ስልኩን መጠበቅ ስተው፣ ጢን አለ። 3,000 ብር ገብቶልዎታል። ገና «ተመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ሁለተኛ ጢን አለ። 3,000 ብር ገብቶልዎታል። ሂሳቤን አየሁ፤ እውነት ነው፣ ሁለቴ ገብቷል። ዋናው መሥሪያ ቤት ማመልከቻዬን ተቀብሏል፤ ዲላም ሳትነግረኝ የራሷን ልካ ኖሮ የእሷም ተቀባይነት አግኝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ጸሎት ቤት መዝሙር ላይ ሳለን፣ ስልኬ ጮኸ። ወጥቼ አነሳሁት።

«መምህር፣ ከባንክ ነው። በስህተት 3,000 ብር ገብቶልዎታል።»

«እሑድ ትሠራላችሁ እንዴ?»

«አይ፣ አስቸኳይ ስለሆነ ነው።»

«ስልኬን ከየት አገኛችሁት?»

«መዝገብ ላይ አለ እኮ።»

በእውነት ልቤ ተፈተነ። ማመልከቻ ጻፉ፣ በአሃዝና በፊደል ሙሉ፣ የማሽኑን ቁጥር አያይዙ፣ እኔ እደውልላችኋለሁ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲስተም የለም ልላት ነበር። ግን ሰኞ ገና በሩ ሳይከፈት ደጁ ላይ ተገኘሁ። ባንኩ መዝገብ ውስጥ ያለችው ጉርድ ፎቶዬ ሂሳቡን የከፈትኩ ዕለት ተቻኩዬ የተነሳኋት ናት፤ አንድ ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ኮሌታዬ ተጣሟል። ያቺን ቡሌ ገበያ ላይ ተለጥፋ ተማሪዎቼ ከሚያዩዋት 3,000 ብሩ ቢቀርብኝ ይሻላል።