ለ«ፋየርዎል» ሻጩ ድርጅት የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ከቁርጡባ፣ ኩዌት

ባለ አራት ፖርት ጥቁር ሣጥን ሠርታችሁ፣ ግንባሩ ላይ «ፋየርዎል» ብላችሁ ለምትሸጡልን ክቡር ድርጅት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ስማችሁን ያልጻፍኩት ንቄያችሁ አይደለም። ሣጥኑን ብገለብጠው፣ ብሎኑን ፈትቼ ብከፍተው፣ ካርቶኑን አገላብጬ ብፈትሸው ስም የሚባል ነገር አጣሁበት። ሰው ሁሉ ስሙን በትልቁ በሚያጽፍበት ዘመን እንዲህ ያለ ትሕትና ብርቅ ነውና የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእርሱ ይሁን።

እኔ እዚህ ኩዌት ኔትወርክ እየዘረጋሁ፣ ካሜራ እየሰቀልኩ፣ የተበላሸውን እየጠገንኩ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ሣጥናችሁ ያለው ቁርጡባ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ቀለበት መንገድ መካከል፣ ከሱራ ሰፈር አጠገብ፣ በአንድ ቪላ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ኤሲው ሳሎን ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ኩዌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ምጥሪባህ በተባለው የበረሃ ጣቢያ 53.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተለክቶባት፣ የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት መርምሮ ያጸደቀላት አገር ናት። ሣጥናችሁ ግን ማራገቢያ የለውም፤ «ድምፅ አልባ» ብላችሁ ነው ያስተዋወቃችሁት። እውነታችሁን ነው፤ ሲሞትም ድምፅ የለውም። በሙቀቱ እንዳላሳብብ ማራገቢያ ገዝቼ አጠገቡ አቆምኩለት። ቀዝቅዞም ያው ነው።

የቪላው ኢንተርኔት በሙሉ የሚያልፈው በእናንተ ሣጥን ነው። በመጀመሪያው ፖርት መስመሩ ይገባል። ሁለተኛው የቤተሰቡ ነው። አራተኛው የአጥሩ ካሜራዎች። ሦስተኛው የእንግዳ ዋይፋይ ሲሆን፣ የዲዋኒያው (የእንግዳ መቀበያው) ታዳሚዎችና ወጥ ቤት የሚሠሩት ሁለት እህቶቻችን በእርሱ ይጠቀማሉ። እናንተን ለማመስገን እጅግ የተመቸኝ ሦስተኛው ፖርት ነው።

ማታ ማታ ዲዋኒያው ይሞላል። ሻይ ይቀርባል፣ ትልቁ ስክሪን ይከፈታል፣ ኳስ በኢንተርኔት ይታያል። ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቶ፣ ኳሷ ነጥቧ ላይ ተቀምጣ፣ መቺው እየተንደረደረ ሳለ ምስሉ ቀጥ ይላል። ወዲያው ስልኬ ይጮኻል፤ «ያ ሙሀንዲስ፣ ኔት ማፊ!» አንተ መሐንዲስ፣ ኢንተርኔት የለም ማለቱ ነው። ባለቤቱ እንግዳ ፊት አፍሯል። ቢሆንም የሞባይል ዳታውን ከፍቶ ቀሪውን ጨዋታ ያሳያቸዋል፤ ገንዘብ ያለው ሰው መላ አያጣም።

ወጥ ቤት ከሚሠሩት የአንደኛዋ እህታችን ግን ሌላ ነው። እንግዳ ተሸኝቶ፣ ስኒው ታጥቦ፣ ወጥ ቤቱ ተጠርጎ ከማታው አምስት ሰዓት ሲሆን ነው ደሴ ላሉት እናቷ የምትደውለው። የኩዌትና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ስለሆነ እናትም ያን ሰዓት እንቅልፋቸውን እየታገሉ ይጠብቃሉ። ባለፈው ሣጥኑን ልፈትሽ ስገባ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ወንድሜ፣ ‹እማዬ እንዴት ነሽ› ብዬ መልሷን ሳልሰማ ተቋረጠ። አሁን ‹ልጄን ምን አገኘብኝ› ስትል ነው የሚነጋባት» አለችኝ። ይህንን አስተያየት ከደንበኞቻችሁ ምስጋና ጋር አያይዛችሁ እንድትለጥፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመጀመሪያችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 መጨረሻ በሜዲትራኒያን ባሕር ሥር ያለፉ ኬብሎች እስክንድርያ አጠገብ ተቆርጠው ከግብፅ እስከ ሕንድ ኢንተርኔት ሲንገዳገድ ኩዌትም ተጎድታ ነበር። ያኔ ግን ዜናው በሬዲዮም በጋዜጣም ወጣ፤ ሰው ምክንያቱን አውቆ ተቀመጠ። የእናንተ ሣጥን ይህን ያህል ወሬ አይወድም። ፖርቱ ሞቶ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። የፋየርዎሉን ገጽ ስከፍተው «አፕ» ይለኛል፤ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው። ቤት እንዲጠብቅ የቀጠርነው ዘበኛ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ተኝቶ፣ ስንጠራው «አለሁ» እያለ ነው።

ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቼ ኮንሶሉን ሳየው አንዲት መስመር እየተደጋገመች ትወርዳለች። የፖርቱ ስም፣ ቀጥሎ «ዎችዶግ ታይምአውት»። ሙያው ለማይመለከተው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያነጋግረው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ የሚላክ ፓኬት ለካርዱ ሲሰጥ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ጥቂት ሴኮንዶች አልፈው ካርዱ «ልኬያለሁ» ካላለ፣ ድራይቨሩ ተስፋ ቆርጦ ካርዱን አጥፍቶ እንደገና ያስነሳዋል። ይህ አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። የእናንተው ግን ሲወድቅ ሲነሳ ያድራል፤ ከወደቀም የሚወድቀው ሰው በብዛት ሲጠቀምበት፣ ማለትም ሲፈለግ ነው።

ኬብል ቀየርኩ። ስዊች ቀየርኩ። ላፕቶፔን ከሞደሙ ጋር በቀጥታ ባገናኘው መስመሩ አንድም ቀን አልተቋረጠም። ቀጥዬ ኦፍሎድ ወደሚባሉት ዞርኩ፤ ቼክሰም፣ ቲኤስኦ፣ ኤልአርኦ። እነዚህ ካርዱ ፕሮሰሰሩን እንዲያግዝ የሚሰጡት ሥራዎች ናቸው። ኤልአርኦ ለምሳሌ የሚገቡትን ትንንሽ ፓኬቶች አዋሕዶ አንድ ትልቅ ያደርጋቸዋል። ይህ ለሰርቨር ደግ ነው። ፓኬት ተቀብሎ ለሌላው የሚያሳልፍ ፋየርዎል ላይ ግን የሰው ዕቃ እንዳለ ማድረስ ሲገባው አቅልጦ መስጠት ስለሚሆን፣ ፒኤፍሴንስ የተባለው የፋየርዎል ሶፍትዌር ገና ሲጫን ቲኤስኦንና ኤልአርኦን ዘግቶ ነው የሚነሳው። እኔም የቀረውን ቼክሰም ዘጋሁ። ዎችዶጉ ትንሽ ዘግየት ብሎ መጣ እንጂ አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑን «የማን ልጅ ነህ?» ብዬ የጠየቅሁት። ፋየርዎሉ የተሠራበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ፍሪቢኤስዲ፣ ፒሲአይኮንፍ የሚባል ትእዛዝ አለው፤ እያንዳንዱ ቺፕ የአምራቹን መለያ ቁጥር ይናገራል። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም የተወሰደ። ማስታወቂያችሁ «የኢንቴል ካርድ፣ አራት ፖርት» ይላል። አንደኛው ፖርት 8086 አለ። ሁለተኛውም 8086 አለ። ሦስተኛውና አራተኛው የሌላ አምራች ሆነው ተገኙ። ለካስ ማስታወቂያው አልዋሸም፤ የኢንቴል ካርድ አለው፣ አራት ፖርትም አለው። እንዲህ ያለ ነጠላ ሰረዝ የሚያስቀምጥ ሰው ከመሥሪያ ቤታችሁ እንዳይለቅባችሁ ደመወዙን ጨምሩለት።

ሣጥኑ በተገዛበት የኦንላይን ሱቅ በኩል ጻፍኩላችሁ። መልሳችሁ ፈጣን ነበር፤ «ሞክረነዋል፤ በዊንዶውስ ላይ በደንብ ይሠራል»። ደስ ይላል። ጫማውንም በእጄ ብሞክረው ይገባ ይሆናል። ግንባሩ ላይ ፋየርዎል የተባለ ሣጥን ገዝቶ ዊንዶውስ የሚጭን ደንበኛ ካላችሁ ስልኩን ላኩልኝ፤ እኔም ምስጋናዬን ላካፍለው።

ቀጥሎ የቺፑ አምራች ራሱ ያዘጋጀውን ድራይቨር ፈልጌ ጫንኩ። በማስነሻ ፋይሉ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ሠራ! ዲዋኒያው ኳሱን እስከ መጨረሻው አየ፤ እህታችንም ከእናቷ ጋር ጠግባ አወራች። ከዚያ የፋየርዎሉ ማሻሻያ መጣ። ማሻሻያው የጸጥታ ቀዳዳ ስለሚደፍን አለመጫን አይቻልም። ሲጫን ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ተቀየረ፣ ለድሮው ከርነል የተዘጋጀው ድራይቨር ከአዲሱ ጋር አልስማማም አለ፣ ፋየርዎሉም ለማንም ሳይናገር አብሮት ወደ መጣው ድራይቨር ተመለሰ። በማግሥቱ ማታ ስልኬ ጮኸ። «ኔት ማፊ!»

ርካሽ ካርድ በማቅረብ ሙያ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆናችሁ ታሪክ ስለሚመሰክር አትከፉ። ቢል ፖል የሚባለው ሰው በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለፍሪቢኤስዲ የበርካታ ካርዶችን ድራይቨር ጽፏል። በዘመኑ እጅግ ርካሽ የነበረውን፣ በእኛም አገር ኢንተርኔት ቤቶች አይጠፋ የነበረውን የሪልቴክ 8139 ካርድ ድራይቨር ሲጽፍ፣ ከኮዱ በላይ ባስቀመጠው ማስታወሻ ካርዱ «ዝቅተኛ ደረጃ» ለሚለው አባባል አዲስ ትርጉም እንደሰጠ፣ ምናልባትም እስከዚያ ከተሠሩት ሁሉ የከፋው እንደሆነ መዝግቦለታል። ምክንያቱንም አልሸሸገም፤ የሚገባውን እያንዳንዱን ፓኬት ፕሮሰሰሩ ከቦታ ወደ ቦታ መቅዳት ነበረበት። ካርዱ ያተረፈው ሳንቲም ከፕሮሰሰሩ ላብ የወጣ ነው ማለት ነው። ሰውየው ግን ሰደበውና ድራይቨሩን ጻፈለት። እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ፒኤፍሴንስም፣ ከእርሱ ተገንጥሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦፒኤንሴንስም በእናንተ ዓይነት ሣጥን ላይ ባልተነሱ ነበር።

ውዱም ካርድ ቢሆን ጻድቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ክርስቲያን ኪልሆፍነር የሚባል መሐንዲስ በኢንተርኔት ስልክ ሰርቨሮቹ ላይ ያገኘውን አንድ ጉድ ይፋ አደረገ። የኢንቴል 82574ኤል ቺፕ ያለባቸው ማሽኖች በአንድ ዓይነት ፓኬት ምክንያት ኔትወርካቸው ይሞታል። ወራት ፈጅቶ ሲፈልግ፣ በፓኬቱ ውስጥ በአንዲት የተወሰነች ቦታ ላይ «2» የሚለው ቁጥር ሲገባ ካርዱ ይዘጋል፤ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ካልተነቀለ አይመለስም። በዚያች ቦታ «4» ቀድሞ ከገባ ደግሞ ካርዱ እንደተከተበ ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ «2» ቢመጣም አይሞትም። ኢንቴል ጥፋቱ የአንድ ማዘርቦርድ አምራች የተሳሳተ የቺፕ ቅንብር ነው አለ። ይህን ያነሳሁት ለእናንተ ጠበቃ እንዲሆን ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። እዚያ የሚጠየቅ ስም ስለነበረ ሰውየው ጠየቀ፣ ኩባንያውም መልስ ሰጠ፣ ነገሩም እልባት አገኘ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ። የምትሸጡትን ሣጥን «ፋየርዎል» ከማለታችሁ በፊት በፍሪቢኤስዲ ላይ ጫኑት፤ አራቱንም ፖርት አጨናንቃችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ላይ መብራቷን ሳይሆን ኮንሶሉን አንብቡ። የእያንዳንዱን ፖርት የቺፕ ስም ከነእትሙ ማስታወቂያው ላይ ጻፉ። ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸውን ሰነድ አምራቹ እንዲከፍተው ጠይቁ፤ በነጻ ድራይቨር የሚጽፉላችሁ ሰዎች በጨለማ እየዳሰሱ እንዳይሠሩ። ይህ ሁሉ ከበዛባችሁ ደግሞ ርካሽ መፍትሔ አለ፤ ግንባሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፋቁት።

እኛ እስከዚያው ተቀምጠን አልጠበቅናችሁም። ሐወሊ፣ ኢብን ኻልዱን መንገድ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች አንድ መለስተኛ ማኔጅድ ስዊች ገዛሁ። ቤተሰቡን፣ ካሜራዎቹን፣ የእንግዳውን ዋይፋይ ሁሉንም በሁለተኛው ፖርት ላይ በቪ-ላን ከፋፍዬ አሳለፍኳቸው። ፖርቱ ይጨናነቃል፤ ግን አይወድቅም። ሦስተኛውንና አራተኛውን አቧራ እንዳይገባባቸው በፕላስተር ለጥፌያቸዋለሁ። ባለ አራት ፖርት ሣጥናችሁ ባለ ሁለት ፖርት ሆኖ በሰላም እያገለገለ ነው። ኳሱም ይታያል፤ ከማታው አምስት ሰዓት የሚደወለው ስልክም አይቋረጥም። የስዊቹን ዋጋ በዲናር የተጻፈበትን ደረሰኝ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልልክላችሁ ፈልጌ አድራሻችሁን አጣሁት።

ከሰላምታ ጋር
ደረጃ ሥር የሚሠራው ሙሀንዲስ

ግልባጭ፦ ተመሳሳይ ሣጥን ሊገዙ ላሰቡ ሁሉ። ከመክፈላችሁ በፊት የአራቱንም ፖርቶች የቺፕ ስም ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።