ስለ ቅቤ ሁኔታዎች፦ ከነቀምቴ ገበያ የተነሣ ምርመራ

ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ተብሎ በሦስት እንደሚከፈል የነቀምቴ ተማሪ በየዓመቱ ከሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። ምሳሌው ሁልጊዜ ውሃ ነው። በረዶውን ልጁ የሚያየው ክረምት ላይ ሰማዩ ጠጠር ሲያዘንብ ብቻ ነው። እቤቱ ዘወትር ሲረጋና ሲቀልጥ የሚያየውን ቅቤ ግን መጽሐፉ በስም እንኳ አያነሣውም። ይህ ምርመራ ክፍተቱን ለመሙላት ቀርቧል።

አስቀድሞ መደቡ ይለይ። ቅቤ ንጥረ ነገር አይደለም፣ ውህድም አይደለም፤ ድብልቅ ነው። የፋብሪካው ከመቶ 80 እጅ ያህል ስብ፣ 16 እጅ ያህል ውሃ ነው፤ የቀረው የወተት ትራፊ ነው። እርጎው ውስጥ ስቡ በውሃው መካከል ተበትኖ ይኖራል፤ ሲናጥ ነገሩ ይገለበጥና ውሃው በስቡ መካከል ተበትኖ ያርፋል። ሊቃውንቱ ለዚህ ግልበጣ ረጅም ስም አውጥተውለታል። የሆሮ ላም ያላት የወለጋ ሴት ደግሞ ስሙን ሳትጠይቅ ቁርስ ሳይደርስ ትጨርሰዋለች።

ለንጽጽር ያህል፣ ወለጋ ፕላቲኒየምም አላት። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ዩብዶ ላይ ሲወጣ የኖረው ይህ ማዕድን ንጥረ ነገር ነው፤ 1,768 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይቀልጥም፣ እፍጋቱም የውሃን 21 እጥፍ ይበልጣል። ቅቤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ይሁን እንጂ በዓል ሲደርስ አዲስ አበባ ሾላ ገበያ ውስጥ «የወለጋ ነው ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅለት ፕላቲኒየም አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። ውሃ ከበረዶነት የሚወጣበት ቁርጥ ያለ ነጥብ አለው፤ ቅቤ የለውም። ስቡ የብዙ ዓይነት ስቦች ስብስብ ስለሆነ አንዱ ከዜሮ በታችም ፈሳሽ ነው፣ ሌላው 37 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ አይበገርም። ስለዚህ በ20 ዲግሪ ላይ «ጠጣር ነው ፈሳሽ?» ቢባል ትክክለኛው መልስ «ሁለቱም» ነው፤ በፈተና ላይ ግን ዜሮ ያሰጣል። ነቀምቴ 2,080 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጠዋት ገበያ የወጣ ቅቤ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ከጊምቢ በኩል የመጣው ግን መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ስለሚወርድ ቆላውን ቀምሷል። ባለቤቱ ዳገቱን ሲወጣ የሚያስበው ስለ ፊዚክስ ሳይሆን ቅቤው ቀልጦ ስለሚንጠባጠብበት የጓደኛው ጆንያ ነው።

የጋዙ ሁኔታ ማስረጃ አያሻውም። ጋዝ የገባበትን ዕቃ ሁሉ እንደሚሞላ ለማረጋገጥ አንድ ሚኒባስ፣ የተዘጋ መስኮትና ከኋላ ወንበር ሥር የተቀመጠ በሳል ቅቤ ይበቃሉ። ሾፌሩ ሳይዞር ያውቃል።

ገበያው በበኩሉ የራሱ ምደባ አለው፦ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል። በመጽሐፉ ዓይን ይህ የዕድሜ እንጂ የሁኔታ ክፍፍል አይደለም። በተግባር ግን ምደባው በተናጋሪው ቦታ ይወሰናል፤ ያው ቅቤ ከሻጭ በኩል ሲታይ ለጋ፣ ከገዢ በኩል ሲታይ መካከለኛ ነው።

«አዴ፣ ይሄ እኮ ሰንብቷል።»

«ልጄ፣ የሰነበተው አፍንጫህ ነው።»

ቀለምም ብዙ አያዋጣም። ላሟ እርጥብ ሣር ስትግጥ ቅቤው ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፣ ለስለስም ይላል፤ በበጋ ይነጣል። ስለዚህ ቢጫነት የሚመሰክረው ለሣሩ እንጂ ለሻጩ ሐቀኝነት አይደለም። በየከተማው ከቅቤ ጋር የሚደባለቀው ሙዝም ቢጫ ነው፤ የሚረጋውም የምግብ ዘይት መልኩን ለማሳመር ብዙ አይቸገርም። ገዢው ታዲያ በጥፍሩ ቆንጠር ያደርጋል፣ በጣቶቹ መካከል ያሸዋል፣ ያሸታል፣ በምላሱ ጫፍ ይነካል፣ ፊቱን ያጨፈግጋል። የመጨረሻው ለዋጋ ክርክር የሚደረግ ነው፤ ከንጽሕናው ጋር ግንኙነት የለውም።

ሳይንሱ የሚያምረው ማንጠሩ ላይ ነው። በነቀምቴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ተኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ እዚያው አካባቢ ይቆያል፤ ቅቤውም ይንጫጫል። ውሃው ሲያልቅ ጫጫታው ይበርዳል፣ ሙቀቱም ሽቅብ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ መዘግየት ማሳረር ነው። ባልትና ያላት እናት ይህን የምትለካው በጆሮዋ ነው። ጓዳ ሆና ሽንኩርት እየላጠች፣ ፊቷን ሳታዞር «አውጪው!» ትላለች። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው መዓዛቸውን ለስቡ አስረክበው ከዝቃጩ ጋር ከታች ይቀራሉ።

አንድ ነገር ብቻ ሳይፈታ ይቀራል። ቁስ አካል አይጠፋም ይባላል፤ አንድ ኪሎ ቅቤ ገብቶ ግን ወደ 800 ግራም ገደማ ይወጣል። ውሃው በመስኮት ሄዷል፣ ዝቃጩ በማጥለያው ላይ አለ፣ ልጆች በእንጀራ ጠርገው የበሉት ደግሞ አልተመዘነም። አባት ሚዛኑን አይተው ሻጯን ያማሉ። በመስኮት የወጣውን ያሸተተችው ጎረቤት ግን «ቡና አፍልታችኋል?» እያለች በሩን ገፍታ ገብታለች።